ጆንያ፣ ሸዋል፣ ማዳበሪያ፦ በገዳሪፍና በከሰላ አካባቢ የወንዝ ዳርቻ መከላከያ ቁሶችና ስሞቻቸው

የጋሽ ወንዝ ባሕር አይደርስም። ከኤርትራ ደጋ መረብ ተብሎ ይነሣል፤ ከፊል መንገዱን የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ሆኖ ይወርዳል፤ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ይባላል፤ የከሰላን ከተማ አቋርጦ ካለፈ በኋላ በስተሰሜን በተንጣለለው ሜዳ ላይ ተበታትኖ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ውኃው በክረምት ወራት ብቻ የሚፈስ ሲሆን የሚሸከመው ደለል እጅግ ብዙ ነው። ይህም ደለል በከተማዋ አጠገብ እየተኛ የወንዙን ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሰላ ውቅያኖስ የማታውቅ ብትሆንም የባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚያውቁትን ሥራ ታውቃለች፤ በየክረምቱ ዳርቻዋን ትገነባለች፣ ታጥራለች፣ ትጠብቃለች። በአማርኛ «ዳርቻ» የሚለው ቃል የባሕሩንም የወንዙንም ጠርዝ በአንድነት መያዙ ለዚህ ምድር ታሪክ የተስማማ ነው።

በዚህ ዳርቻ ላይ ለመቶ ዓመት ያህል ተደራርቦ የኖረው ዋና መሣሪያ አፈር ወይም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የተሠራበት ነገር በመካከሉ ፈጽሞ ተለውጧል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። አንዳንዴም ተለውጦ ሳለ ስለ አዲሱ ቁስ ምንም አልተናገረም። በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በመተማና በሑመራ የሚነገሩት ቋንቋዎች የዕቃውን ተግባርና መጠን በጥንቃቄ ሲመዘግቡ የተሠራበትን ነገር ሳይሰይሙ አልፈዋል። ሰው ሠራሹ ክር በአፈርና በውኃ ላይ ያደረሰው ጉዳት ዘግይቶ መታየቱ በከፊል ከዚህ የስም ዝምታ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው ቀመር ናቸው።)

በዚህ ድንበር የስም መለዋወጥ ከወንዞቹ ይጀምራል። መረብ ጋሽ እንደሚሆን ሁሉ ተከዜም ቆላውን ሲያልፍ ሰቲት ይባላል፤ ከጣና በስተሰሜን ካለው ደጋ የሚነሣው ጓንግ ደግሞ በመተማ በኩል ወርዶ አትባራ ይሆናል። ሰቲትና አትባራ በሱዳን ምድር ይገናኙና ወደ ዓባይ ይጓዛሉ። ስም የሚቀየረው ሰው በሚቀየርበት ቦታ ነው፤ ደለሉና በደለሉ ውስጥ ያለው ግን ያው ነው። በአትባራና በሰቲት ግራና ቀኝ መሬቱ በጎርፍ ተቦርቡሮ ወደ ገደላ ገደልነት የተለወጠበት ሰፊ ስፍራ አለ፤ የሱዳን ዓረብኛ «ከሪብ» ይለዋል። የአማርኛው «ቦረቦር» ለአንድ ሸለቆ ስም ሲሆን ከሪብ ግን የአንድ ሙሉ ምድር ስም ነው። አንድ ቋንቋ ለእንዲህ ያለ ጥፋት ራሱን የቻለ የመልክዓ ምድር ስም የሚሰጠው ጥፋቱ ለረጅም ዘመን ዓይን ፊት ሲቆይ ነው።

ከረጢት ከመምጣቱ በፊት ጎርፍን መያዣው አፈር ራሱ ነበር። በምሥራቅ ሱዳን «ተረስ» የሚባለው የአፈር ክትር ሦስት ወገን ያለው ነው፤ አንዱ ከታች በአግድም ይዘረጋል፣ ሁለቱ ክንዶች ወደ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከላይ የሚወርደውም ጎርፍ በመካከላቸው ተኝቶ ማሽላ ያበቅላል። የቃሉ ሥር በዓረብኛ ጋሻንና ምሽግን ከሚሰይሙት «ቱርስ»ና «መታሪስ» ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጋሻው ውኃውን የሚመክተው ለማባረር ሳይሆን ለማስቀረት መሆኑ ነው። ተረስ በጎርፍ ሲደረመስ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ገበሬው በሚቀጥለው በጋ ያንኑ አፈር ያነሣል። ከዚህ ጋር ቅርንጫፍና እሾህ ከድንጋይ ጋር እየተጠላለፈ ይቀመጥ ነበር፤ እርሱም ሲበሰብስ አፈር ይሆናል።

ለእህልና ለውኃ መያዣ የነበረው ቆዳ ነው። አማርኛ ስልቻና አቁማዳ አለው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያና ከዚያ ወዲህ የታተሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶችም የዮሴፍ ወንድሞች እህል የጫኑበትን ዕቃ ዓይበት ይሉታል፤ ቃሉ ዛሬ ከዚያ ታሪክ ውጭ እምብዛም አይሰማም። የሱዳን ዓረብኛ ደግሞ የውኃውን አቁማዳ «ጊርባ» ይለዋል። በአትባራ ላይ በ1964 የተጠናቀቀው ግድብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ኸሽም አል ጊርባ የአቁማዳው አፍ ማለት ነው። የጊርባ ጽሑፋዊ መልክ «ቂርባ» ከአማርኛው ቁርበትና ከትግርኛው ቆርበት ጎን ሲቀመጥ ዝምድናቸው ለሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪ ጥያቄ መጋበዙ አይቀርም። ግድቡ የተሠራው በአስዋን ታላቅ ግድብ ምክንያት ከቀያቸው ለተነሡት ኑቢያውያን በአዲስ ሐልፋ የመስኖ እርሻ ለማቅረብ ነበር። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ግን ደለል የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል ወሰደበት። የአቁማዳው አፍ የተደፈነው ከደጋ በወረደ አፈር ነው።

የከረጢት ዘመን ከባቡር ጋር መጣ። በ1920ዎቹ በጋሽ ዴልታ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ ከቀይ ባሕር የሚመጣው የባቡር ሐዲድ በ1924 ከሰላ ደረሰ፤ በአሥርቱም ዓመታት ማብቂያ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሰናር ተቀጠለ። ባቡሩ ጥጥና ማሽላ ሲያወጣ ባዶ ከረጢት ያስገባ ነበር፤ ከረጢቱም የቤንጋል ጁት ነው። በ1944 ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ሠራዊቱን ለመመገብ በገዳሪፍ ጋደምበሊያ ላይ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነ። ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ከምዕራብ ሱዳንና ከዚያም ባሻገር የሚመጡ ሠራተኞች በየዓመቱ የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነም ቃላት የሚለዋወጡበት ገበያ ሆነ።

የሱዳን ዓረብኛ ለከረጢቱ ሁለት ስሞች ነበሩት። «ሸዋል» ዕቃውን ይሰይማል፤ ቃሉ ከቱርክኛው «ቹዋል»ና ከፋርስኛው «ጁዋል» ጋር ዘመዳሞች ነው። «ኸይሽ» ግን ሸካራውን ጨርቅ፣ ማለት ቁሱን ይሰይማል። አማርኛ «ጆንያ»ን ያዘ። የሳንስክሪቱ «ጎኒ» በሕንድኛ በኩል አልፎ በእንግሊዝኛ «ገኒ» እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የአማርኛው ቃል ከዚህ ቤተሰብ ጋር ያለው መመሳሰልም ግልጽ ነው። የጁት ክር የሚገኝበት ተክል ሱዳናውያን «ሙሉኺያ» ብለው ከሚመገቡት ቅጠል ጋር አንድ ወገን መሆኑን እግረ መንገድ ማስታወስ ይገባል። ከሁለቱ ዋነኛ የጁት ዝርያዎች አንዱ ራሱ ሙሉኺያ ነው። የገዳሪፍ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣው ከረጢት ከጓሮው ጎመን ወገን መሆኑን የሚነግረው ስም አልነበረውም።

ጆንያ ጎርፍ ለመመከት የተመቸው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ቤት ይገኛል፣ እርጥብ ሲሆን ጎን ለጎን ተጣብቆ ይቀመጣል። ጉድለቱም ያው በጎነቱ ነበር፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በላይ አይቆይም። ባለሙያዎች ይህንን እንደ ጉድለት ሲመዘግቡት ኖረዋል። በተረስ ዓይን ሲታይ ግን ጆንያው ቅርጽ ሰጥቶ፣ አፈሩ እስኪረጋ ጠብቆ፣ ከዚያ ራሱ አፈር የሚሆን ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር።

እዚህ ላይ የመለኪያው ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። የገዳሪፍ ሰሊጥ ነጋዴ ዋጋ የሚጠራው በቅንጣር ነው፤ ይህም 45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ድንበር ተሻግሮ በመተማና በሑመራ ያለው ነጋዴ በኩንታል ይጠራል፤ እርሱም 100 ኪሎ ግራም ነው። ሁለቱ ቃላት ግን አንድ ናቸው፤ የዓረብኛው ቅንጣር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ኩንታል ሆኖ በሌላ በር ተመለሰ። ከዚህም አልፎ በአማርኛ ኩንታል የሚለው ቃል መለኪያነቱ ሳይቀር የከረጢቱም ስም ሆኗል፤ «ባዶ ኩንታል» ሲባል ማንም አይደነቅም። ዕቃውን በሚይዘው ነገር ወይም በመጠኑ መጥራት በአማርኛ የተለመደ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ነው ኋላ «ማዳበሪያ»ን የወለደው።

ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ጁልዮ ናታ በሚላኖ በ1954 አገኘው፤ ስለ ሥራውም ከካርል ሲግለር ጋር በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስስ ሆኖ ተዘርግቶ በሪባን መልክ እየተቆረጠ መሸመን በተቻለ ጊዜ የጁት ዋና ተፎካካሪ ሆነ። የስኮትላንድዋ ደንዲ ከተማ የዓለም የጁት መናገሻ ነበረች፤ የጁት ኩባንያዎቿም ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ወደ ፖሊፕሮፒሊን ዞሩ። በዚያው ዘመን የባሕር ዳርቻ መሐንዲሶችም ሰው ሠራሹን ክር አገኙት። በ1953 ባሕር ሰብሮ ብዙ ሕዝብ የፈጀባት ኔዘርላንድ በ1950ዎቹ ማብቂያ ክፍተቶቿን ስትዘጋ በአሸዋ የተሞሉ የናይሎን ከረጢቶችን ተጠቀመች። በ1958 ደግሞ በፍሎሪዳ ዳርቻ ከኮንክሪት ብሎኮች ሥር አፈሩ እንዳይታጠብ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ተነጠፈ። የቁሱ ዋና ውዳሴ አለመበስበሱ ነበር። ጁት በአንድ ወይም በሁለት ክረምት የሚያልቅበት ቦታ ላይ አዲሱ ክር ለትውልድ ይቆያል ተባለ። በጨለማ፣ በአፈርና በኮንክሪት ሥር ከሆነም ይህ እውነት ነው።

ወደ ኢትዮጵያና ወደ ድንበሩ ግን ይህ ክር የመጣው በመሐንዲስ እጅ አይደለም። የመጣው በማዳበሪያ መያዣነት ነው። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዩሪያና ዳፕ በእርሻ ልማት ፕሮግራሞች በኩል ለገበሬው ሲከፋፈል እርጥበት የማይወድ በመሆኑ በተሸመነ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ስስ ላስቲክ ገብቶለት ይመጣ ነበር። ገበሬው ይዘቱን ማሳው ላይ በተነ፤ ከረጢቱን ግን አልጣለም። ጤፍ ጫነበት፣ ከሰል ሞላበት፣ በር ጋረደበት፣ ልጅ ደብተሩን ያዘበት፤ ስሙንም በይዘቱ ጠራው። ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ሁለት ማዳበሪያ ድንች» ሲል ስለ ኬሚካል እየተናገረ አይደለም። ከ«ዳበረ» የተገኘው፣ መሬትን የሚያለማ ነገር ስም፣ መሬት ውስጥ የማይበሰብስ ጨርቅ ስም ሆነ። ይህንን ማንም ሊያላግጥ ብሎ አላደረገውም፤ ቃሉ በኩንታል መንገድ ብቻ ሄደ። ሆኖም ከድንበሩ ቃላት ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን የሸሸገ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

አማርኛ ልዩነቱን ጨርሶ አላጣውም። «የቃጫ ጆንያ» የሚለው አባባል የተክል ክሩን ለይቶ ይጠራል፤ ለውጭ ገበያ የሚላከው ቡናም አየር እንዲያገኝ እስከ ዛሬ በጁት ከረጢት መጫኑ ቃሉን በሕይወት አቆይቶታል። በዓረብኛውም «ሸዋል ኸይሽ»ና «ሸዋል ብላስቲክ» እየተባለ ይለያል። መለየቱ ግን ዋጋ ባለበት ይነገራል፤ ነጋዴ ሁለቱን የሚለየው የሚከፍለው ስለሚለያይ ነው። በጎርፍ ሌሊት ዳርቻው ላይ ያለው ሰው የሚፈልገው ከረጢት ነው። «ሸዋል!» ወይም «ጆንያ!» ብሎ መጮኽ በቂ ነው።

በሐምሌ 2003 ጋሽ ከሰላን ሲሰብር የሆነው ይህ ነው። ጎርፉ ሰፊውን የከተማ ክፍል አጥለቀለቀ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያገኘውን ከረጢት ሁሉ አሸዋ እየሞላ ይደረድራል፤ ከረጢቱ ደግሞ በዚያ ዘመን አብዛኛው የተሸመነ ፕላስቲክ ነው። ከረጢቱ ሥራውን መሥራቱን መካድ አይቻልም፤ በከሰላ የአሸዋ ከረጢት ያዳነው ቤት፣ የሰው ነፍስም አለ። ስለ ጉዳቱ የሚነገረው ሁሉ ይህን ሳይረሳ መነገር አለበት። ዳርቻውን በቋሚነት የሚይዙት ድንጋይ የተሞሉ የሽቦ ቅርጫቶችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም፤ ጋቢዮን እንዳይዝግ ብዙ ጊዜ ሽቦው በፕላስቲክ ሽፋን ይለበጣል። ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍም ያንን ሽፋን ይፍቀዋል።

ጥያቄው የሚነሣው ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ነው። የጸሐይ ጨረር የፖሊፕሮፒሊንን ሰንሰለት ይበጥሳል። መከላከያ ቅመም ያልተጨመረበት ተራ የእህል ከረጢት በቆላ ጸሐይ በወራት ውስጥ ይደርቃል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው መበስበስ አይደለም፤ መድቀቅ ነው። ሪባኑ ክር ይሆናል፣ ክሩ ብናኝ ይሆናል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ስብርባሪ ሳይንስ ማይክሮፕላስቲክ ይለዋል፤ ቃሉ በሰፊው የታወቀው ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በ2004 ስለ ባሕር ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። በአማርኛ «ፈረሰ»፣ «በሰበሰ»፣ «ደቀቀ» የሚሉት ግሦች ይህንን ለመለየት በቂ ናቸው፤ ሆኖም ስለ ከረጢት ሲነገር «አረጀ» ብቻ ይባላል። ያረጀ ነገር ያልቃል ተብሎ ይታሰባልና «አረጀ» የሚለው ግሥ የጁትን ዘመን ልማድ ሳይታወቅ ወደ ፕላስቲክ ዘመን ያሻግራል።

ብናኙ የሚሄድበት ቦታ በየወንዙ ይለያያል፤ የዚህ ምድር ጉዳይ ከባሕር ጠረፍ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ይቀላል። ስለዚህ ጎርፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ በደለል ካልተቀበረ በቀር ውኃው የሄደበት ይሄዳል። የባሕር ጠረፍ ከተማ የሚጥለው ወደ ውቅያኖስ ወጥቶ ከዓይን ይጠፋል፤ ጉዳቱም የዓሣና የሌላ አገር ይሆናል። የጋሽ ውኃ ግን መውጫ የለውም። ከሰላ ላይ የተደረደረው ከረጢት ሲደቅ የሚያርፈው በዚያው ዴልታ ላይ ነው፤ ዴልታው ደግሞ ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት መሬት ነው። ነፋስ ከሚያነሣው በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ለዘመናት ዴልታውን ያለማው ይህ ዝግነት ነበር፤ መረብ ከደጋ ያመጣውን ለም አፈር ሁሉ ሳያስተርፍ ለጋሽ ይሰጠው ነበር። አሁንም ሳያስተርፍ ይሰጣል።

አትባራና ሰቲት ግን ሌላ ናቸው። የሚሸከሙት መጀመሪያ ግድብ ይገጥመዋል፤ በመጋጠሚያቸው አቅራቢያ በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ፣ ከእርሱም በታች ኸሽም አል ጊርባ። ቀላሉ በውኃው ላይ ይቀራል፤ ጭቃ የለበሰው ከደለሉ ጋር ይተኛል። ደለሉን ለማስለቀቅ ግድብ ሲከፈት ደግሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከላይም የሚመጣ አለ። በአማራ ክልል ደጋማ ቦታዎች በተፋሰስ ልማት ሥራ ቦረቦርን ለመዝጋት ድንጋይ ሲታጣ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ መደርደር የተለመደ ሆኗል። ሥራው የተባረከ ነው፤ ቦረቦሩ ሲዘጋ ሣር ይይዛል፣ አፈሩ ከመውረድ ይድናል። ሣር ሳይሸፍነው ጸሐይ ያገኘው ከረጢት ግን የሚደቀው በጓንግና በአንገረብ ራስ ላይ ነው። በታች ያሉት ሱዳናውያን ግድባቸውን ከደለል የሚታደገው ያው እጅ ክር እንደሚልክላቸው የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ በአማርኛው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «ማዳበሪያ» በትርጉም «ሰማድ» ሊሆን ይችላልና፤ ሰማድ ደግሞ በዓረብኛ የማሳ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

የገዳሪፍ ጥቁር መሬት ለዚህ ጉዳይ የራሱ ባሕርይ አለው። አማርኛ ዋልካ፣ መረሬ የሚለው ዓይነት አፈር በበጋ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ይዘጋል። ላዩ ላይ የተኛው ነገር ወደ ስንጥቁ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ይቀበራል። የአፈር ሳይንቲስቶች ይህንን መሬት ራሱን በራሱ የሚገለብጥ ይሉታል። ገበሬው ሳያርሰው ቅጠሉን ወደ ታች የሚወስድለት ይህ ባሕርይ የከረጢቱንም ስብርባሪ ጸሐይ ወደማያየው ጥልቀት ይወስዳል፤ ጸሐይ የሌለበት ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ እጅግ ለረጅም ዘመን አይለወጥም።

ከከረጢቱ ቀጥሎ የመጣው ድንኳን ላስቲክ ነው። በኅዳር 2020 ከትግራይ የተነሡ ስደተኞች በሐምዳይት በኩል ሰቲትን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ሲገቡ ብዙዎቹ የሰፈሩት በኡም ራኩባ ነው፤ በ1980ዎቹ የረኃብና የጦርነት ዘመንም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው። «ራኩባ» በሱዳን ዓረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ስሙ ዳስ የሆነው ሰፈር በፕላስቲክ ሸራ ተሸፈነ። የስደተኞች መርጃ ድርጅቶች የሚያድሉት 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ በፖሊኤቲሊን ሪባን ተሸምኖ በዚያው ቁስ የተለበጠ ሸራ ነው። ጸሐይ እንዲችል ቅመም የተጨመረበት ቢሆንም ዕድሜው በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው። ጫፉ በነፋስ ሲቀደድ ሰው አይጥለውም፤ ከዳሱ ጎርፍ ለማዞር ቦይ ይለብጥበታል፣ አፈር ሞልቶ ደፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ያረጀ መጠለያ የዳርቻ መከላከያ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የሸራው ስም በሦስት ቋንቋ ሦስት ታሪክ አለው። ዓረብኛው «ሙሸመዕ» ሰም የተቀባ ማለት ነው፤ ሰም የተነከረ ጨርቅ ዝናብ ይከለክል የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። የአማርኛው «ሸራ» ከዓረብኛው «ሺራዕ»፣ ከመርከብ ሸራ፣ ጋር ይያያዛል፤ መርከብ በሌለበት ደጋ ድንኳንና የጭነት መኪና ልባስ ሆኗል። «ላስቲክ» ብቻ ነው ስለ ቁሱ የሚናገረው፤ እርሱም ስለ ሌላ ቁስ፣ ስለሚለጠጠው፣ ይናገራል። ትግርኛ ተናጋሪው ስደተኛ፣ አማርኛ ተናጋሪው የቀን ሠራተኛና ሱዳናዊው ጎረቤት በአንድ ሸራ ሥር ዝናብ ሲጠለሉ ሰም፣ መርከብና ጎማ ይጠራሉ። ፕላስቲክን ግን ማንም አይጠራም።

ሕግም የሚከተለው ስምን ነው። የኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/2007 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከለከለ። ዒላማው ሕዝብ ፌስታል የሚለው ስስ መያዣ ነበር። ፌስታል የራሱ ስም ስላለው ሊወገዝ ቻለ፤ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ከብት ይበላዋል፣ ይነወራል። ማዳበሪያው ከፌስታሉ ብዙ እጥፍ ክር እያለው ከዚያ ክስ ውጭ ቀረ፤ ስሙ የእርሻ ግብዓት፣ ሥራውም የአፈር ጥበቃ ነውና።

በዚሁ ምድር ስም ክስ የሆነበት ሌላ የመከላከያ ነገር አለ። በሱዳን «መስኪት» የሚባለው ዛፍ በ1917 ከውጭ ገባ፤ ኋላም አሸዋን ለማስቆም ተተከለ፤ በከሰላና በአዲስ ሐልፋ ግን ቦዩንና ማሳውን ወረሰ። በኢትዮጵያ በአፋር የገባው ያው ወገን ዛፍ «ደርጊ ሐራ» ተብሏል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ መቼና በማን ዘመን እንደመጣ በስሙ ውስጥ ጻፉት። ስሙም ዛፉ በተነሣ ቁጥር ዘመኑን አብሮ ይጠራል። የተሸመነው ከረጢት ወደ ድንበሩ የገባው ከመስኪት ወረራ ጋር በተቀራረበ ዘመን ነው፤ እርሱም ለጥበቃ ተብሎ ነው የሚደረደረው። ግን በጆንያ፣ በሸዋል፣ በኩንታልና በማዳበሪያ ስም ስለገባ ቀን የለውም።

ይህ ለቃላት ሰብሳቢዎች የሚተወው ሥራ አለ። በሁለቱ ወገን የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት ከረጢትን በአገልግሎቱ ይፈታሉ፤ የተሠራበትን ነገርና ተናጋሪው የሚለይበትን አጋጣሚ ግን አይጽፉም። የሰሊጥ ገበያውን አነጋገር ከጎርፍ ሌሊት አነጋገር ጋር አስተያይቶ የሚመዘግብ ሰው «ቃጫ» እና «ኸይሽ» የሚሉት ቃላት በትክክል የት ላይ እንደሚጠፉ ሊያገኝ ይችላል። መሐንዲሱም የሚፈልገው ይህንን ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ለጋሽ ዳርቻ የሚገዛው ባዶ ከረጢት በግዥ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው በቁጥርና በኪሎ ነውና።